ላብ (የምርምር ላቦራቶሪ) ለመግባት 3,500 ዶላር ልክፈል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 20 ዓመቴ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ፤ ፎል ላይ እዚሁ አካባቢ ወዳለ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ እዛወራለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ። ጂፒኤዬ 3.4 ነው። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ሰመር ላይ ላብ ገብተሽ ምርምር ካልሠራሽ ሜዲካል ስኩል አይቀበልሽም ይሉኛል። ኤንአይኤች (የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት) ላመለክት ስል ጊዜው አልፏል፤ ይኸው ማርች አጋማሽ ደረሰ። አንድ ድርጅት በ3,500 ዶላር ለ8 ሳምንት በኦንላይን ከፕሮፌሰር ጋር እንደሚያሠራኝና ስሜን የምርምር ጽሑፍ ላይ እንደሚያወጣልኝ ነግሮኛል። እናቴ ደግሞ ‹ይቅርብሽ፣ ሥራ ሥሪ› ትላለች። ምን ይመክሩኛል? ጎንደር ሕክምና የምትማር የአክስቴ ልጅም ማመልከት ትችል እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላኛለች።»

አትክፈይ።

በሰመር ምርምር ገንዘቡ የሚሄደው ከላቡ ወደ ተማሪው ነው። እውነተኛ ፕሮግራም ስታይፔንድ፣ ማለትም የመተዳደሪያ ገንዘብ፣ ይከፍልሻል፤ ብዙ ጊዜም ዶርምና የጉዞ ወጪ ይችላል። ለማመልከት እንኳ አብዛኞቹ ሳንቲም አይጠይቁም። ምክንያቱ ደግነት አይደለም። መንግሥትና ፋውንዴሽኖች የነገ ተመራማሪዎችን ለማፍራት በጀት ይይዛሉ፤ ፕሮፌሰሩም የሚሠራ እጅ ያገኛል። ተማሪው ከፋይ የሆነበት ቦታ ላይ ግን አንቺ ደንበኛ ነሽ። ደንበኛን ደግሞ «ሥራሽ ደካማ ነው፣ ድገሚው» የሚል የለም።

ስምሽን ጽሑፍ ላይ ማውጣት የሚለውን ቃል በተለይ ተጠንቀቂ። ሳይንስ ውስጥ በ8 ሳምንት የሚወጣ ጽሑፍ እንደሚኖር ማንም አስቀድሞ ቃል ሊገባ አይችልም፤ ውጤቱ ገና አልታወቀማ። ቃል ከገባ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን የሚያትም መጽሔት አዘጋጅቷል ማለት ነው። ሜዲካል ስኩል ኢንተርቪው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ከዚህ ውስጥ አንቺ የሠራሽው የቱን ነው?» እዚያ ላይ መንተባተብ ጽሑፍ ከሌለው ሰው ያነሰ ግምት ያሰጣል። ኦንላይን መሆኑ ብቻውን ችግር የለውም። በኮምፒውተር የጂን መረጃ የሚተነትኑ ላቦች ተማሪን ከርቀት ያሠራሉ። ለዚያም ግን አይከፈልም።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። «ምርምር ከሌለሽ አትገቢም» የሚለው እንደ ሕግ ከተወሰደ ስህተት ነው። የሜዲካል ስኩል ማመልከቻ ላይ እንቅስቃሴዎችሽን የምትዘረዝሪበት ቦታ ቢበዛ 15 ነው፤ ምርምር ከእነዚያ አንዱ ነው። ሐኪም የሚመርጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ውጤትሽን፣ የሜዲካል ስኩል መግቢያ የሆነውን የኤምካት ፈተናሽንና ከታማሚ ሰው አጠገብ ቆመሽ ታውቂ እንደሆነ ነው። ምርምርን አጥብቀው የሚወዱ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እነዚያ ጋ ምርምር የሌለው ሰው ይቸገራል። ኤምዲ-ፒኤችዲ የሚባለውን የሐኪምነትና የምርምር ጥምር ዲግሪ ከፈለግሽማ አንድ ሰመር ጭራሽ አይበቃሽም፣ ዓመታት ያስፈልጋሉ። አንቺ የጻፍሽው ግን «ሐኪም መሆን» ነው። ስለዚህ ምርምር ይጠቅምሻል፣ ግዴታሽ ግን አይደለም። እናትሽም ግማሽ እውነት አላቸው፤ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

ስለ ፕሮግራሞቹ ስትጠይቂ የሰማሽው ስም ኤንአይኤች ብቻ ይመስላል። አይፈረድብሽም፤ እሱ ያለበት ቤቴስዳ ቅርብሽ ነው፣ አንቺ የምትሳፈሪበት የሜትሮው ቀይ መስመር ዞሮ ዞሮ «ሜዲካል ሴንተር» የሚባለው ጣቢያ ላይ በሩ አጠገብ ያወርዳል። ብሔራዊ የጤና ተቋማቱ ብዙ ዓመት የሰመር ተማሪ ሲቀበሉ ኖረዋል። ማመልከቻው የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር ነው፣ ፌብሩዋሪ ላይ ይዘጋል። ማርች ላይ ማሰብ የጀመረ ሰው ሁሌም ያመልጠዋል። ሌላም ነገር አለ። በ2025 ኤንአይኤች የዚያን ዓመት የሰመር ፕሮግራም ሰርዞታል። ያመለከቱ ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ስለዚህ የትኛውም ፕሮግራም የቱንም ያህል ትልቅ ስም ይኑረው፣ አንድ ቦታ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም። በየዓመቱ ራሱ ድረ ገጹ ላይ ገብተሽ አረጋግጪ፤ «ባለፈው ዓመት እንዲህ ነበር» የሚል ሰው አትስሚ፣ እኔንም ጨምሮ።

ከዚያ የሚሰፋው በር የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ፕሮግራም ነው፤ ተማሪዎች «አርኢዩ» ይሉታል። በየዩኒቨርሲቲው የተበታተነ ነው። አንዱ ቦታ በአብዛኛው 10 ያህል ተማሪ ይይዛል። ጊዜው ከ8 እስከ 10 ሳምንት ነው። ስታይፔንዱ ብዙ ጊዜ በሳምንት ከ600 እስከ 700 ዶላር ይሆናል፣ ዶርምና ጉዞ ተጨምሮበት። የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎችን መቀበል ይበረታታል። ለአንቺ የሚጠቅም አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነጥብም አለው፦ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው እየተዛወረ ባለበት ሰመር ላይ የትም ያልተመዘገበ ተማሪም መሳተፍ ይችላል። «አሁን የማንም ተማሪ አይደለሁም» ብለሽ ራስሽን አታስወጪ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ይህ ፋውንዴሽን በሽታን ማዳን ዓላማው የሆነ ምርምር እንደ መመሪያ አይደግፍም። እሱ የኤንአይኤች ድርሻ ነው። አርኢዩ ላይ የምታገኚው ሴል እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ፕሮቲን እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ዓሣ የተቆረጠ ክንፉን እንዴት እንደሚያበቅል የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሰመር ተማሪዎችን ማመልከቻ ለዓመታት አንብቤያለሁ። «አያቴ በስኳር በሽታ ስለሞቱ መድኃኒቱን ማግኘት እፈልጋለሁ» የሚል ድርሰት ስለ እርሾ ሴል ለሚያጠና ላብ ሲላክ ሐዘኑ ይገባኛል፣ ግን ልጁ ማስታወቂያውን እንዳላነበበም ይገባኛል።

አምጀን ስኮላርስ የሚባለውን የሰመር ምርምር ፕሮግራምም ሰዎች ይነግሩሽ ይሆናል። ጥሩ ፕሮግራም ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ የሚቀበለው የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ጂፒኤ 3.2 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፒኤችዲ ወይም ኤምዲ-ፒኤችዲ ለሚያስቡ ነው የተዘጋጀው። «ሐኪም ብቻ ነው የምሆነው» ካልሽ ያንቺ ቦታ አይደለም። ውሸት ጽፈሽ መግባትም አልመክርም፤ ኢንተርቪው ላይ ይታወቃል።

የወረቀት ጉዳይ ላይ ላስታውስ፣ ምክንያቱም ይህን የሚያነቡ ሌሎች ልጆችም አሉ። ኤንአይኤችና አርኢዩ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። የሥራ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ያለው፣ በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ «ሥራ መሥራት ስለምችል ይሆናል» ብሎ ሳምንታት አያባክን። የተማሪ ቪዛ ያለው ልጅ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ በእረፍት ጊዜ ሙሉ ሰዓት ሠርቶ ሊከፈለው ይችላል። ከግቢ ውጭ ከሆነ ግን ቀድሞ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳያናግር አንድ ቀን እንኳ እንዳይጀምር፤ በነፃም ቢሆን።

እንግዲህ ማርች አጋማሽ ነው። ምን ይደረግ? ዛሬ ማታ የአርኢዩን ዝርዝር ክፈቺና እስካሁን ያልዘጉ ቦታዎች ካሉ ሁለት ሦስቱ ላይ አመልክቺ። ጥቂት አይጠፉም። ግን ተስፋሽን እዚያ ላይ አታኑሪ።

የአንቺ ትልቁ ካርድ ሌላ ነው፣ ሳታውቂው ጥያቄሽ መሐል ጽፈሽዋል። ፎል ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትዛወሪያለሽ። በፕሮፌሰር ዓይን እዪው። ለ10 ሳምንት ብቻ የሚመጣ ተማሪ ራስ ምታት ነው። ሁለቱ ሳምንት በደኅንነት ሥልጠናና ፒፔት (የፈሳሽ መለኪያ) አያያዝ ያልቃል፣ የመጨረሻው ሳምንት በፖስተር ዝግጅት ያልቃል፣ መሐል ላይ ገና ሥራ ሲለምድ ይሄዳል። አንቺ ግን ሰመር ላይ ጀምረሽ ሁለት ዓመት ልትቆዪ ትችያለሽ። ይህን ጥቅም የሚሸጥ ፕሮግራም የለም። ስለዚህ የምትጽፊው ለዚያ ለምትሄጂበት ዩኒቨርሲቲ ላቦች ነው።

አጻጻፉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት። ባህላችን ትልቅ ሰውን ስናነጋግር ጎንበስ እንድንል ያስተምራል። ኢሜይሉ ላይ ይህ ወደ «ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ፣ እኔ ምንም የማላውቅ ተማሪ ነኝ፣ በተከበረው ላቦራቶሪዎ ማንኛውንም ሥራ ብሠራ…» ይቀየራል። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲያነብ ትሕትና አይታየውም። ለመቶ ሰው የተላከ ደብዳቤ ነው የሚመስለው። አምስት ስድስት አረፍተ ነገር ይበቃል። ማን እንደሆንሽና ፎል ላይ ወደዚያ እንደምትዛወሪ። ከሥራቸው የትኛውን እንዳነበብሽና ምን ጥያቄ እንደፈጠረብሽ፤ ጽሑፎቻቸውን ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ ፈልጊ፣ አጭር መግለጫውን በነፃ ታነቢያለሽ። በሳምንት ስንት ሰዓት መምጣት እንደምትችይና ከመቼ ጀምሮ። በመጨረሻ 15 ደቂቃ ሊያነጋግሩሽ ይችሉ እንደሆነ። የአንድ ገጽ ሬዙሜና ትራንስክሪፕትሽን አያይዢ። ለ20 ፕሮፌሰር ያህል ጻፊ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው። ከሳምንት በኋላ መልስ ካልመጣ አንዴ ብቻ አስታውሺ። አብዛኞቹ አይመልሱም። እንዳትከፊ፤ ኢሜይላቸው ሞልቶ ነው እንጂ ጠልተውሽ አይደለም።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ስለሆንሽ አታፍሪ። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ላብ ኮርስ ወስደሻል። ጄል አፍስሰሽ ታውቂያለሽ፣ ፒሲአር (ዲኤንኤ የሚባዛበት ዘዴ) አይተሻል። እሱን ጻፊው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፀጉር ቤት ወይም ካፌ ሠርተሽ ከሆነም ጻፊው። በሰዓቱ የሚገኝ፣ ዕቃ የማይሰብር፣ ሲሰብርም የሚናገር ሰው ላብ ውስጥ ከጂፒኤ 4.0 ይልቅ ይፈለጋል።

ክፍያው ላይ ሐቁን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ሰመር ላቡ ላይከፍልሽ ይችላል፤ እንደ ኮርስ ክሬዲት ወይም በዎርክ-ስተዲ (በመንግሥት ድጋፍ በሚከፈል የተማሪ ሥራ) ሊሆን ይችላል። በነፃ ከሆነ በሳምንት ከ12 እስከ 15 ሰዓት አትለፊ። ከዚያ በላይ ከፈለጉሽ ይክፈሉሽ። መጀመሪያ ላይ ብልቃጥ ብታጥቢ ምንም አይደል፣ ሁላችንም አጥበናል። ከወር በኋላም ብልቃጥ ብቻ ከሆነ ግን «የራሴ የሆነ ትንሽ ጥያቄ ልይዝ እችላለሁ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። መልሱ የሚወላውል ከሆነ ሌላ ላብ ፈልጊ። ከሰው ደም ጋር የሚሠራ ላብ ከሆነ የደኅንነት ሥልጠናውን ሳትጨርሺና የሄፓታይተስ ቢ ክትባትሽን ሳታረጋግጪ ጓንት አታጥልቂ።

እዚህ ጋ የእናትሽ ነገር ይመጣል። የቀረውን ሰዓት ሥሪ፣ ተከፍሎሽ። ብትችይ ሥራው ከሰው ጤና ጋር የተያያዘ ይሁን፦ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ሆስፒታል ውስጥ ታማሚ የሚያመላልስ፣ ክሊኒክ ውስጥ የሚያስተረጉም። በአካባቢሽ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አዛውንቶች ቁጥር ቀላል አይደለም። አንድ ሰመር ታማሚ ያገላበጠች ልጅ ሐኪም ለመሆን የምትሰጠው ምክንያት ክፍያ ፈጽማ ኦንላይን ከተቀመጠችው ልጅ ይልቅ ይታመናል። ሒሳቡንም እናትሽ ይረዱታል። በሰዓት 17 ዶላር በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሪ በ10 ሳምንት 6,800 ዶላር ነው። የአርኢዩ ስታይፔንድም እዚያው ግድም ነው፣ ዶርሙ ትርፍ ሆኖ። የድርጅቱን ብትወስጂ ግን የምታገኚው ቀርቶ 3,500 ትከፍያለሽ። ላንቺ ቤት ይህ ስንት ወር ኪራይ እንደሆነ እኔ አልነግርሽም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቅር እንዳትሰኚ አስቀድሜ ልንገርሽ። ላብ አሰልቺ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሰመር ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ሕፃን ያሳደግኳቸው ሴሎች ነበሩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ፈሳሹ እንደ ጠላ ደፍርሷል። ባክቴሪያ ገብቶበት ነው፣ ምናልባትም ከራሴ እጅ። አለቃዬ አየው፣ «ድፋው፣ እንደገና ጀምር» አለኝና ወደ ቡናው ሄደ። ፖስተሬ ላይ አንድ ግራፍ ብቻ ነበረኝ። የዚያ ሰመር ትርፌ ያ አለቃዬ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈልኝ እሱ ነው። የሰው ነገር ካነሳን አይቀር፣ የቫይረስ ተመራማሪው ዴቪድ ባልቲሞር ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ሜን ግዛት ባለው ጃክሰን ላቦራቶሪ ሰመሩን ሲያሳልፍ ነው በዕድሜ ከሚበልጠው ሃዋርድ ቴሚን ጋር የተዋወቀው። በ1975 ሁለቱ ለየብቻ በሠሩት አንድ ግኝት ኖቤል ተጋሩ። እንዲህ ያለው ዕድል ለሁሉም አይደርስም። ላብ ስትመርጪ ግን የርዕሱን ውበት ብቻ አትዪ፣ ማን አጠገብሽ ቆሞ እንደሚያሳይሽም ጠይቂ። «በየቀኑ የሚያሠለጥነኝ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ኢንተርቪው ላይ ነውር የለውም።

ለሚቀጥለው ዓመት ሥራው የሚጀመረው ኦክቶበር ላይ ነው። አብዛኞቹ ማመልከቻዎች ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ደብዳቤውን ፕሮፌሰሩ በቀጥታ ይልከዋል፣ አንቺ አታዪውም። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቂ። «ጥሩ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብለሽ ጠይቂ እንጂ «ይጻፉልኝ» ብቻ አትበዪ፤ የሚያቅማማ ሰው ካለ ያኔ ታውቂዋለሽ። አሁን ካለሽበት ኮሌጅ አንድ መምህር ከመልቀቅሽ በፊት ያዢ፣ ከሄድሽ በኋላ ይረሱሻል። ድርሰቱ ላይ «ሕዝቤን ማገልገል እፈልጋለሁ» የሚለውን በአንድ መስመር ጨርሺና ቀሪውን ሰመር ላይ ስላጋጠመሽ ጥያቄ ጻፊ፦ ምን ሞከርሽ፣ ምን አልሠራ አለ፣ ለምን መሰለሽ። ቢያንስ 8 ቦታ አመልክቺ፣ ቢያንስ ሦስቱ ስማቸው ያልገነነ ዩኒቨርሲቲዎች ይሁኑ። ስማቸው የገነኑት ጋ ሁሉም ነው የሚያመለክተው።

ስታይፔንድ ስታገኚ ደግሞ ግብር እንዳለበት አትርሺ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ አይቆረጥም። ኤፕሪል ላይ እንዳትደነግጪ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጥቂት ለይተሽ አስቀምጪ።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይህ ነው። ለድርጅቱ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» በይ። በዚህ ሳምንት ለምትዛወሪበት ዩኒቨርሲቲ ላቦች መጻፍ ጀምሪ። ሰመሩን በከፊል ላብ፣ በከፊል የሚከፈል የጤና ሥራ ላይ አሳልፊ። ኖቬምበር ላይ ኤንአይኤች የሚከፍት ከሆነ እሱንም ጨምረሽ ለአርኢዩ አመልክቺ። ይህ ካልሆነና ከላብና ከሥራ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ቢሆንብሽ፣ ዘንድሮ ሥራውን ምረጪ።

የአክስትሽ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራሞች ለእሷ ዝግ ናቸው። የጀርመኑ ዳአድ ራይዝ የሚባለው የሰመር ምርምር ፕሮግራምም ስሙ ይናፈሳል እንጂ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝና አየርላንድ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ነው። የአምጀን የአውሮፓው ክፍልም በአውሮፓ የትምህርት ሥርዓት ስምምነት ውስጥ ባሉ አገሮች ለሚማሩ ነው። ከየትም አገር የሚቀበሉ ግን አሉ፦ ቪየና ባዮሴንተር ሰመር ስኩል፣ እዚያው ኦስትሪያ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ጃፓን ያለው የኦኪናዋ ኢንስቲትዩት፣ ሳዑዲ ያለው ካውስት የሚባለው ዩኒቨርሲቲ። የእነዚህም ማመልከቻ የሚዘጋው ወራት ቀድሞ ነው፤ ለኦስትሪያዎቹ ከጃንዋሪ በፊት መዘጋጀት አለባት። የሕክምና ተማሪ ስለሆነች ከሕይወት ሳይንስ ተማሪዎች ጋር እኩል የሚቀበሏት መሆኑን በየድረ ገጹ ታንብብ። ካላንደሩም አለ። የእኛ ክረምትና የእነሱ ሰመር ወሩ ይገጥማል፤ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት ጊዜ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተዘበራርቋል፣ ክሊኒካል ዓመታት ላይ ደግሞ ረጅም እረፍት የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ዲፓርትመንቷን ፈቃድ ትጠይቅ። ካልተሳካላት አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ታንኳኳ፤ ለሥጋ ደዌና ለቲቢ ምርምር ከኦኪናዋ የሚያንስ ቦታ አይደለም። ፓስፖርቷ ጊዜው ያላለፈ መሆኑንም ዛሬውኑ ትመልከት፤ ተቀባይነት አግኝተው በእሱ ምክንያት የቀሩ ልጆች አውቃለሁ።